የላዳ ዲፈረንሻል በኮምቦልቻ፦ ሥራው ጥሩ፣ ቀጠሮው ዜሮ

ላዳ ይዞ ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ይህን ያንብብ። በአጭሩ ልናገር፤ ዲፈረንሻሉን (የሞተሩን ዙር ለኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ማርሽ) ማስቀየሬ አላስቆጨኝም፣ ጋራዡም ሥራውን ያውቃል። ቀጠሮ ግን አያውቅም።

መኪናዬ 2106 ናት፤ 1.6 ሞተር፣ ባለ አራት ማርሽ። ከፋብሪካ ስትወጣ የኋላ ዲፈረንሻሏ 3.9 ነው። ኮሮናው (ትልቁ ማርሽ) 43 ጥርስ አለው፣ ፒኞኑ (ትንሹ) 11፤ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አንዴ እንዲዞሩ ካርዳኑ (ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ) 3.9 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ይሄ ጥሩ ነው፣ ሞተሩ አይጨነቅም። የእኛ መንገድ ግን ሜዳ አይደለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደሴ 2,500 አካባቢ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያንን ሁሉ ትወጣለህ፣ አብዛኛው ደግሞ ሐረጎ ዳገት ላይ ነው የተቆለለው። በዚያ ላይ ደሴ ስትደርስ አየሩ ስለሚሳሳ የካርቡራተር ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይነጠቃል። ሰው ጭነህ ሐረጎ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ከገባህማ ሁለተኛ ላይ ትጮሃለች፣ ሦስተኛ ላይ ትታነቃለች።

"ሽጣትና ሌላ ግዛ" የሚል አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ራሱ ዋጋው የት እንደደረሰ የሚያውቅ ያውቃል። እኔ ያለችኝን ማስተካከል መረጥኩ።

ለላዳ ደጉ ነገር የዲፈረንሻል ምርጫ መኖሩ ነው። 2106 በ3.9፣ 2103 በ4.1፣ የድሮዋ 2101 በ4.3፣ ስቴሽን ዋገኗ 2102 ደግሞ በ4.44 ይሠሩ ነበር፤ ሁሉም እርስ በርስ ይገጥማሉ። ቁጥሩ ሲበዛ ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። እኔ 4.3ን መረጥኩ። 4.1 ብዙ ለውጥ አያመጣም፣ 4.44 ደግሞ ወደ ከሚሴ ሜዳውን ስትነዳ ጆሮህን ያደነቁርሃል።

ኮሮና ፒኞኑን ያስመጣሁት ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኮሮናውና ፒኞኑ ጥንድ ሆነው ነው የሚሠሩት፣ የጥንድ ቁጥራቸውም ላያቸው ላይ ተጽፏል፤ ቁጥሩ የማይመሳሰል ከሆነ ነጋዴው "ያው ነው" ቢልም አትግዙ። ጥርሱንም ራሳችሁ ቁጠሩ፦ 10 እና 43። የ3.9ኙም ኮሮና 43 ስለሆነ ኮሮናውን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው የነበረውኑ መልሶ ይገዛል። መኪናዋ ላይ ያለው ስንት እንደሆነ ለማወቅም መፍታት አያስፈልግም። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ያዙ። የተነሳውን ጎማ 20 ጊዜ አዙሩና ካርዳኑ ስንቴ እንደዞረ ቁጠሩ። አንድ ጎማ ብቻውን ሲዞር ካርዳኑ የሚዞረው ግማሹን ስለሆነ፣ 39 ከሆነ 3.9፣ 43 ከሆነ 4.3።

አሁን ወደ ጋራዡ። ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ታፔላ የለውም። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። ከደሴ ጋራዦች ትቼ እዚህ የመጣሁበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሌሎቹ "ግማሽ ቀን ይበቃናል፣ ገጥመን እንሰጥሃለን" ሲሉኝ እኚህ ሰውዬ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ኩሽኔታና የምትጨማደደዋን ቱቦ አዲስ ይዘሃል?" ብለው ነው። ቱቦዋ በፒኞኑ ሁለት ኩሽኔታዎች መሃል የምትገባ ናት። ዳዶው ሲጠብቅ ትጨማደድና ኩሽኔታዎቹን በልካቸው ታስይዛቸዋለች። አንዴ ከተጨማደደች አለቀ፣ ዳዶውን መልሶ በማላላት አይስተካከልም። ብዙ ቦታ ግን አሮጌዋን ይመልሷታል፣ ከዚያ ዲፈረንሻሉ ያለቅሳል፣ ጥፋተኛ የሚባለው ደግሞ ዕቃው ነው።

ሥራውን ቆሜ አየሁት። አክስሎቹን ሳብ፣ ካርዳኑን ፈታ፣ ስምንቱን ብሎን አውጥተው ዲፈረንሻሉን ከነቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አዲሱን ጥንድ ገጠሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀይ የዘይት ቀለም የኮሮናው ጥርሶች ላይ ቀቡ። ረዳታቸው ኮሮናውን በጣውላ ጫን አድርጎ ይዞ እሳቸው ፒኞኑን በቁልፍ አዞሩት። ከዚያ በእጅ ባትሪ አዩት። ቀለሙ የተፋቀው ወደ ጥርሱ ጫፍ ነበር። ምንም ሳይሉ ፈቱት። ጫፍ ላይ ከነካ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል ማለት ነው፤ ኩሽኔታው ተነቅሎ ከሥሩ ያለችው ቀለበት በወፍራም መቀየር አለባት። እነዚህ ቀለበቶች ከ2.55 እስከ 3.35 ሚሊሜትር፣ በ0.05 ልዩነት ነው የሚሠሩት። ሰውዬው ከአሮጌ ላዳ የሰበሰቧቸውን በዱቄት ወተት ጣሳ ሞልተው አስቀምጠዋል፤ እየለኩ አንዷን መረጡ፣ ገጠሙ፣ ቀቡ፣ አዞሩ፣ አሁንም አልወደዱትም፣ እንደገና ፈቱት። ቀለሙ ጥርሱ መሃል ላይ እስኪፋቅ ድረስ አልተዉትም። በመጨረሻ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ልቅነት ለኩ፤ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፣ የእኔ እዚያው ውስጥ ነው። ለእጅ ዋጋው የከፈልኩት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘይቱ 1.3 ሊትር ነው፣ 80/90፣ ጂኤል 5 የተጻፈበት። የሞተር ዘይት ጨምሩበት የሚላችሁን አትስሙ።

ውጤቱስ? ሽቅብ ላይ ሌላ መኪና ሆናለች። ድሮ ሁለተኛ የምገባባቸውን መታጠፊያዎች አሁን በሦስተኛ እየጎተተች ትወጣለች፣ ፍሪሲዮኑም አረፈ። ያልጠበቅሁት ግን ቁልቁለቱ ነው። ከደሴ ስወርድ በማርሽ ትይዛለች፣ ፍሬን የምረግጠው አልፎ አልፎ ነው፣ ታች ስደርስ የፍሬኑ ሽታ የለም። ለእኔ ከሽቅቡ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል። ጉዳቱ ሜዳ ላይ ነው፤ በ80 ስትነዳ ሞተሩ በደቂቃ 300 ዙር ያህል ይጨምራል፣ ጩኸቱም ነዳጁም ይሰማሃል። በየሳምንቱ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው 3.9ኙን ባይነካ ይሻለዋል።

አንድ ወዳጄ "ዲፈረንሻሉን በዌልድ አሳስረው፣ ጭቃ ላይ አትቆምም" ብሎኝ ነበር። ኧረ ተዉ። የታሰረ ዲፈረንሻል አስፋልት ላይ ሲታጠፍ አንዱ ጎማ ይጎተታል፤ ሐረጎን የሚያህል ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጎማም አክስልም ይጨርሳል፣ ዝናብ ከጣለማ ቂጧን ይዛ ትዞርብሃለች።

ቅሬታዬን ልጨርስ። ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። "ጋሼ፣ መቼ ልምጣ?" ስላቸው "አብሽር ልጄ፣ ነገ ትወስዳታለህ" ይላሉ፤ ነገ ስትሄድ አንድ ሲኖትራክ ገብቶ ያንተ መኪና ጥግ ይዛለች። ደረሰኝም የለም። ደግሞ የኪሎ ሜትሩን ማርሽ አልቀየሩትም። ላዳ ላይ ኪሎ ሜትሩ የሚቆጥረው ከካምቢዮ ስለሆነ ዲፈረንሻል ሲቀየር ያቺ ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ አብራ መቀየር አለባት። አሁን 80 ስነዳ 88 ያሳየኛል፣ የተነዳውም ኪሎ ሜትር በአስር በመቶ ይበዛል። "እሷን ፈልገህ አምጣ፣ በነፃ እገጥምልሃለሁ" ብለዋል። ላዳ የሚያፈርስ ሰው የምታውቁ ካላችሁ የ4.3ቷን እፈልጋለሁ።