ጨው ያልገባበት የካጁን ቅመም፦ ከሱቅ የገዛሁትና ቤት ያዘጋጀሁት

እማዬ ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ ሂዩስተን ስትመጣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር የሐኪሟን ወረቀትም ይዛ ነበር። የደም ግፊቷ ከፍ ስላለ ጨው እንድትቀንስ የሚያዝ ወረቀት ነው። እኔ ደግሞ ለመጀመሪያው እሑድ የዶሮ ታፋ ከአሜሪካዋ ሉዊዚያና በመጣው የሚያቃጥል የካጁን ቅመም ለውሼ ላበላት አስቤ፣ ሁልጊዜ የምጠቀምበትን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አውርጄ ነበር። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ስድስት ዶላር ገደማ የሚሸጥ፣ በየሱፐርማርኬቱ የማይጠፋ ነው። እማዬ ጣቷን አስነክታ ቀመሰችና "ይሄ እኮ ቅመም የነካው ጨው ነው" አለች።

አራት ዓመት ስጠቀምበት የጠርሙሱን ጀርባ አንብቤ አላውቅም ነበር። አሜሪካ ውስጥ የታሸገ ምግብ ላይ የገባው ነገር በክብደቱ ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ ብዙ የገባው ይቀድማል። መጀመሪያ የተጻፈው ጨው ነው። ሩብ የሻይ ማንኪያ ውስጥ ከ300 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) እንዳለም ይላል። እኔ ግን በሩብ የሻይ ማንኪያ አልሠራም፤ ለስድስት ታፋ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እነሰንሳለሁ። ይህ 24 ሩብ የሻይ ማንኪያ ነው። ሲደመር ከ7,200 ሚሊግራም ይበልጣል፤ ለአንድ ሰው አንድ ታፋ ቢደርስ 1,200 ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,300 እንዳያልፍ ይመክራል። እናቴ ከአንድ ታፋ ብቻ የቀኗን ከግማሽ በላይ ልትጨርስ ነበር፤ ያውም እንጀራውና ወጡ ሳይቆጠር።

ያን ቀን ዶሮውን በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ብቻ ሠራሁት። በማግሥቱ ደግሞ ቅመሙን ራሴ ላዘጋጅ ተነሣሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው የሁለቱን ንጽጽር ነው፤ የስድስት ዶላሩ ጠርሙስና የእኔው ብልቃጥ፣ ሁለት ወር ሙሉ ጎን ለጎን የቀመስናቸው።

መጀመሪያ ምክር የጠየቅሁት ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችንን ነው። የሉዊዚያናዋ ላፋዬት ሰው ናቸው፤ ከሂዩስተን በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ምሥራቅ። እኔን "ሻ" ብለው ነው የሚጠሩኝ፤ በእነሱ ፈረንሳይኛ "ውዴ" እንደማለት ነው። ካጁኖች ከካናዳ የተሰደዱ ፈረንሳዮች ልጆች ናቸው። አያቶቻቸው አካዲ በሚባለው፣ ዛሬ ኖቫ ስኮሺያ በምንለው አካባቢ ይኖሩ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ ከመሬታቸው ነቀሏቸውና በ1760ዎቹ ብዙዎቹ ሉዊዚያና ረግረግ ዳር ሰፈሩ። "አካዲያን" የሚለው ስም በአፍ ሲመላለስ "ካጁን" ሆኖ ቀረ። ጎረቤታችን እንደነገሩኝ በእናታቸው ማጀት የተቀላቀለ ቅመም የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጨው ለብቻ፣ ቁንዶ በርበሬ ለብቻ፣ ካየን የሚሉት ቀይ በርበሬ ለብቻ። ጣዕሙ የሚመጣው በዘይት እየታመሰ ከሚጠቁረው የስንዴ ዱቄት፣ ከሽንኩርቱ፣ ከሰለሪውና ከፈረንጅ ቃሪያው ነው። እነዚህን ሦስት አትክልቶች "ቅድስት ሥላሴ" ይሏቸዋል። እማዬ ይህን ስተረጉምላት አማተበች፤ እኔም ለሽንኩርት ሲሆን ስሙን ለመጥራት አልደፈርኩም።

ለእኔ ትልቁ ነገር "ጨው ለብቻ" የሚለው ነበር። እማዬም ይህንኑ ነው የምትለው። በርበሬዋ ውስጥ ጨው ቢገባም የወጡን ጨው መጨረሻ ላይ ቀምሳ ነው የምትጨምረው። ጨውና ቅመም አንድ ጠርሙስ ውስጥ ሲቆለፉ ቅመም ጨምሮ ጨው መቀነስ አይቻልም። ቅመሙ እንዲሰማችሁ ስትነሰንሱ ጨው ይበዛል፤ ጨው ፈርታችሁ ስትቆጥቡ ዶሮው ባዶ ይሆናል። አራት ዓመት ሙሉ ዶሮዬ ከሁለቱ አንዱ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልሆነም። ካየን ስላልነበረኝ ሚጥሚጣ ከተትኩ። ሚጥሚጣ ግን ኮረሪማም ጨውም አለው፤ ኮረሪማው ሁሉን ነገር ወደ ክትፎ ጎተተው። ሁለተኛው ላይ በፓፕሪካ (በማያቃጥለው የፈረንጅ ቀይ በርበሬ ዱቄት) ፋንታ የእማዬን በርበሬ አደረግሁ። አብሹ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው ወጣ። ጥሩ ዶሮ ነበር፣ ግን የእኛ ዶሮ ነው። የካጁን ቅመም ጣፋጭ ሽታ ያላቸውን አይወድም፤ ኮረሪማ የለም፣ ቅርንፉድ የለም፣ ቀረፋ የለም። የቆመው በሦስት የሚያቃጥሉ ነገሮች፣ በሁለት ሽንኩርቶችና በሁለት ደረቅ ቅጠሎች ላይ ነው።

በሦስተኛው ጊዜ የመደርደሪያውን የቅመም ብልቃጦች ሁሉ አውጥቼ ፈተሽኩ። እማዬ እያንዳንዱን መዳፏ ላይ ነስንሳ በአውራ ጣቷ እያሸች አሸተተች። ከእሳት ቀለም ወደ ጡብ ቀለም የተቀየረውን ፓፕሪካ ወዲያው "ሞቷል" አለችው። ሽታ የሌለው ፓፕሪካ ቀለም ብቻ ነውና እሱን ጣልኩ፤ አዲስ ገዛሁ። ጦስኝ ግን ከደብረ ብርሃን ለሻይ ብላ ያመጣችው ነበረ። የሱቁን ጦስኝና የእኛን ጎን ለጎን ስናሸት የእኛው እጅግ ይበረታል። ስለዚህ የሱቁን አንድ ማንኪያ በሚለው ቦታ የእኛን ግማሽ አደረግሁ።

የጸናው ልኬት ይህ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጣፋጩ ፓፕሪካ፣ ሁለት የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ አንድ የቀይ ሽንኩርት ዱቄት፣ አንድ ያኔውኑ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ኦሬጋኖ፣ አንድ የሱቅ ጦስኝ ወይም ግማሽ የእኛን። ከዚያ በሻይ ማንኪያ ሁለት ካየንና አንድ ነጭ ቁንዶ በርበሬ። ጨው የለም። ኦሬጋኖና ጦስኙን በመዳፌ መሀል አሽቼ ነው የምጨምረው፤ ድፍኑ ቅጠል ዶሮው ላይ አይይዝም፣ እሳት ሲነካውም ቀድሞ ያርራል። የቀይ ሽንኩርቱን ዱቄት በወንፊት አሳልፉት፤ ሂዩስተን እርጥበት ስላለ ይጓጉላል። ሁሉም ሲደመር አሥር የሾርባ ማንኪያ ያህል ይሆናል፤ አንዲት ትንሽ የማር ብልቃጥ ይሞላል።

ነጭ ቁንዶ በርበሬን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ አትዝለሉት። ካየኑ ከንፈርና የምላስ ጫፍ ላይ ቶሎ ይነድዳል፤ ጥቁሩ ቁንዶ በርበሬ መሀል አፍ ላይ ነው፤ ነጩ ዘግይቶ ከጉሮሮ በስተኋላ ይመጣል። ከጠርሙሱ ያጣሁት ይህን መደራረብ ነው። ጠርሙሱ አንዴ ያቃጥልና ያበቃል፤ ከዚያ የሚቀረው ጨው ነው። ነጩን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማሳለፍ ግን አይገባም፤ ሲበዛ የከብት በረት የሚመስል ሽታ አለው።

እማዬ ያልገባት ነገር ቢኖር አለመታመሱ ነው። እኛ ቅመም ሳናምስ አንፈጭም። እዚህ ግን ሁሉም ጥሬውን ይደባለቃል፤ የሚታመሰው መጥበሻው ላይ፣ ሥጋው ወይም ዓሣው ገላ ላይ ሆኖ ነው። ይህን ለዓለም ያሳወቀው ሼፍ ፖል ፕሩዶም ነው። የሉዊዚያናዋ ኦፐሉሳስ አካባቢ ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ኒው ኦርሊየንስ ውስጥ ኬ-ፖልስ የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ። ዓሣውን በቀለጠ ቅቤ ነክሮ፣ ቅመሙን ሁለቱም ጎን ላይ አልብሶ፣ እጅግ የጋለ ከባድ የብረት መጥበሻ ላይ ይጥለው ነበር። ቅመሙና ቅቤው አብረው ይጠቁራሉ፤ ዓሣው ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ ምግብ ከመወደዱ የተነሣ በ1980ዎቹ ሬድፊሽ የሚሉት ዓሣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተመናምኖ መንግሥት ለንግድ ማጥመዱን እስከ ማገድ ደረሰ።

እኔ የሠራሁት በአምባዛ ነው፤ እዚህ ካትፊሽ የሚሉት። አንድ ነገር አስጠነቅቃለሁ፦ መስኮቱን ከመክፈታችሁ በፊት እንዳትጀምሩ። በርበሬ የታመሰበትን ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ካየንና ነጭ ቁንዶ በርበሬ በጋለ ብረት ላይ ከዚያ አይተናነሱም። የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኾ የሁለተኛው ፎቅ ልጆች ወጥተዋል። ዓሣው ግን ጠርሙሱና ብልቃጡ በጣም የተራራቁበት ቦታ ነው። ከጠርሙሱ የሠራሁት ቁራጭ ጠቁሮ ጨው ጨው አለ፤ የብልቃጡ ሽፋን ደግሞ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርትና የጦስኝ ሽታ ነበረው። እማዬ ሁለቱንም ሳልነግራት ቀምሳ የጠርሙሱን ሰሐን ገፋችው።

ዶሮው ላይ ልዩነቱ ይጠባል፣ ግን አለ። ስድስት ታፋ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅመም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ጥቂት ዘይት፤ ማታ ለውሼ አሳድረዋለሁ። በ220 ዲግሪ ሴልሺየስ አርባ ደቂቃ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው 1,150 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም አለው፤ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 200 አይሞላም። ዶሮው ራሱ ትንሽ ሶዲየም ቢኖረውም ከ1,200ው ጋር አይወዳደርም። ሎሚውን አትተዉ፤ የጨውን ቦታ የሚሸፍነው እሱ ነው።

ረቡዕና ዓርብ ለጾም ቀይ ቦሎቄ ሠርቼበታለሁ። ኒው ኦርሊየንሶች ሰኞ ሰኞ፣ ድሮ ልብስ በሚታጠብበት ቀን፣ ቀስ ብሎ የሚበስል ቀይ ቦሎቄ ከሩዝ ጋር ይበላሉ። የእነሱ በአሳማ ሥጋ ነው፤ እኔ በዘይት፣ በሽንኩርት፣ በሰለሪና በቃሪያ አደረግሁት። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ ቅመሙ ብቻውን አልበቃም። ሥጋው የሚሰጠው ጭስ ስለጎደለ ከሦስቱ ማንኪያ ፓፕሪካ አንዱን በስፔኑ የጭስ ፓፕሪካ ቀየርኩ። ጎረቤታችን "የእኛ አይደለም" ብለው ቅንድባቸውን አነሡ፣ ከዚያ ሁለተኛ ሰሐን ጠየቁ። ሽሪምፕና ክሮውፊሽ የሚሏቸውን ቅርፊት ለበስ የውሃ እንስሳት አልበላም፤ ስለ እነሱ አልፈርድም።

የብልቃጡ ጉድለትም አለ። ሁሉንም ቅመም ከባዶ ለሚገዛ ሰው መጀመሪያ ከሃያ ዶላር በላይ ያስወጣል፤ የሚረክሰው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ብልቃጥ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ታችኛው ክፍል እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አገኘሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በሚፈላ ድስት ላይ ገልብጬ ስነሰንስ እንፋሎት ገብቶበታል። አሁን በደረቅ ማንኪያ እየቀዳሁ ነው። ለቸኮለ ሰው ጠርሙሱ ይቀላል፤ የተጠበሰ ድንች ላይ፣ ሌላ ጨው ሳይጨመር፣ ዛሬም መጥፎ አይደለም። ለድንች ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ለዓሣና ለዶሮ አንድ። ለብልቃጡ አራት ተኩል፤ ግማሿን የቀነስኩት ስለ ቦሎቄው ነው።

እማዬ መስከረም ላይ ስትመለስ አንዱን ብልቃጥ ሻንጣዋ ውስጥ ከተትኩላት። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በራሷ እጅ "የፈረንጅ፤ ጨው የለውም" ብላ ጻፈችበት። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ግማሹ አልቋል፤ ለእህቷ ከፍላ ሰጥታታለች። "ቀጣዩን ስትልኪ ነጩን ትንሽ ቀንሺው፤ ጦስኙን ግን እኔ ከዚህ እጨምራለሁ፣ አታስገቢ" አለችኝ።