ፒያሳ አካባቢ "የዘይት ቀለም በሁለት ቅዳሜ" የሚሉት ኮርስ ላይ ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ስዕል መማር የምትፈልጉ ልጆች እባካችሁ ይቺን አንብቡ። ፒያሳ አካባቢ "አዲስ አበባን በኢምፕሬሽኒስት ስታይል፣ በዘይት ቀለም፣ በሁለት ቅዳሜ ጨርሳችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ" እያሉ ቴሌግራም ላይ የሚያስተዋውቁ አሉ፣ ስም አልጠራም። (ኢምፕሬሽኒስት ማለት የቅጽበቱን ብርሃንና ቀለም ለመያዝ የሚሞክር የአሳሳል ስልት ነው።) 9,500 ብር ሙሉውን ቅድሚያ ነው የሚቀበሉት። እህቴ ከፍላ ገባች፣ እኔም አብሬያት ቁጭ ብዬ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ዘይት ብለው የሰጧት ቀለም አክሪሊክ ነው፣ በውሃ የሚቀጥንና ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ማለት ነው። ምንም አይሸትም፣ ብሩሹ በውሃ ይታጠባል፣ ገና ሰማዩን ሳትጨርስ ጠርዝ ጠርዙ ደርቆ አልዋሃድ ይላታል። የዘይት ቀለም እኮ የቀለም ዱቄት በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሰራ ነው፣ የሚደርቀውም እንደ ውሃ ተኖ ሳይሆን ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሲጠነክር ስለሆነ ስሱ እንኳን ቀናት ይፈልጋል፣ ወፈር ያለው ደግሞ ሳምንታት። በውሃ የሚታጠብ የዘይት ቀለምም አለ አውቃለሁ፣ እሱም ቢሆን ግን ማታውኑ ደርቆ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቤት አይገባም። አክሪሊክ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ግን እርጥብ ቀለም ላይ ሌላ እርጥብ ቀለም እየጣሉ እዛው ሸራው ላይ ማዋሃድን ልትማር ነው የከፈለችው፣ በሚሰጧት ቀለም ደግሞ ያ አይሞከርም።

ሸራው ይብሳል። ማዘጋጃ ቤቱ፣ መንገዱ፣ መኪናው ሳይቀር በስሱ ግራጫ መስመር ታትሞ ነው የሚመጣው፣ እያንዳንዷ ክፍት ቦታ ላይ ቁጥር አለ፣ ተማሪው ቁጥሩን እያየ ይሞላል። ለጥላው ጥቁር ከቱቦ ጨምቀው ሰጧት፣ "ጥላው ሰማያዊ ነገር አለበት እኮ" ስትል "ቁጥሩን ተከተይ" አሏት። ኢምፕሬሽኒስቱ ሰዓሊ ካሚል ፒሳሮ በ1897 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ሆቴል ክፍል ይዞ ከመስኮቱ የሚታየውን አንዱኑ ጎዳና በጠዋት፣ በዝናብ፣ በማታ መብራት እየደጋገመ የሳለው ብርሃኑ በተቀየረ ቁጥር ቀለሙም ስለሚቀየር ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ወደ ለገሃር እዩ፣ የጠዋቱና የአስራ አንድ ሰዓቱ አስፋልት አንድ አይነት ነው እንዴ? ይሄን ማየት ያላስተማረ ሰው ምን አስተማረ ይባላል?

ብሩን መልሱ ስንላቸው "የተከፈለ አይመለስም"፣ ደረሰኝ ስንል "ሲስተም የለም"። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት የሸማቹ መብት ነው ይላል፣ አክሪሊክን ዘይት ብሎ መሸጥ ደግሞ ትክክለኛ መረጃ አይደለም።

መማር የምትፈልጉ ሳትከፍሉ ሄዳችሁ ቱቦውን አገላብጣችሁ አንብቡ፣ ኦይል ይላል ወይስ አክሪሊክ። ብሩሽ በምንድነው የምታጥቡት በሉ፣ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛና ብሩሽ ማጠቢያ ፈሳሽ) ካሉ መስኮት የሚከፈት መሆኑንም እዩ ምክንያቱም ሽታው ራስ ያዞራል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሳይሆን ተማሪዎቹ ጀምረው ያልጨረሱትን አሳዩን በሉ፣ ሁሉም ላይ አንድ አይነት መስመር ካያችሁ ውጡ። ከአለ የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከወጡት ሰዓሊዎች በግል የሚያስተምሩ አሉ፣ አጠያይቁ፣ ክፍያውንም በየክፍለ ጊዜው አድርጉት።

እዛ ከፍላችሁ የተማራችሁ ካላችሁ የባንክ ትራንስፈራችሁንና ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙና ጻፉልኝ፣ አብረን ንግድ ቢሮ እናመልክታለን።