የእርሻ መሬት ገዢ የትኛውን የመንግሥት ዋስትና ይምረጥ? የአሜሪካ ፕሮግራሞች ንጽጽር

በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ የእርሻ መሬት መግዛት የሚፈልግ ሰው፣ ቤት ሠርቶ ለመሸጥ ካሰበ ባለሀብት ጋር መጫረት ግድ ይሆንበታል። ገበሬው በዚህ ፉክክር አቅም እንዲያገኝ የፌዴራሉ ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ የሚያቀርባቸው መንገዶች በዓላማ ቢቀራረቡም፣ ገዢው ላይ የሚጥሉት ሸክም ይለያያል።

በመደበኛው ዋስትና ገንዘቡን የሚያበድረው ባንክ ሲሆን፣ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው ኤጀንሲው በአብዛኛው ከባንኩ ኪሳራ እስከ 90 በመቶ ይሸፍናል። የብድሩ ጣሪያ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ የመሬት ብድር የመክፈያ ጊዜም እስከ 40 ዓመት ይደርሳል። ለሰፊ መሬት ይህ ይመረጣል። ሆኖም ዋስትናው የሚጠብቀው ባንኩን እንደሆነና የገበሬው ዕዳ እንደማይሰረዝ ከፊርማ በፊት በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል።

ጥሪቱ አነስተኛ ለሆነ ጀማሪ ገበሬ ግን የቅድሚያ ክፍያ ብድሩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ገዢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍላል፤ ኤጀንሲው እስከ 45 በመቶ ድረስ በዝቅተኛ ወለድ ለ20 ዓመት ያበድራል፤ ቀሪውን ባንክ ወይም ሻጩ ይሸፍናል። 400,000 ዶላር ለሚያወጣ መሬት ገዢው 20,000፣ ኤጀንሲው 180,000፣ ባንኩ 200,000 ዶላር ያዋጣሉ ማለት ነው። ነገር ግን ቢያንስ የሦስት ዓመት የእርሻ አመራር ልምድ ይጠየቃል።

ሦስተኛው፣ ጡረታ የሚወጣ ገበሬ መሬቱን ለጀማሪ ገበሬ በረጅም ጊዜ ክፍያ ሲሸጥ ለሻጩ የሚሰጥ የ10 ዓመት ዋስትና ነው። ዋጋው ከ500,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። ሻጭና ገዢ ለሚተዋወቁበት ሁኔታ ብቻ ይስማማል።

ከሦስቱ አንዳቸውም ግን መሬቱ ወደፊት ለግንባታ እንዳይሸጥ አይከለክሉም፤ ይህ ለእኔ ትልቁ ጉድለታቸው ነው። ክልከላው የሚመጣው ባለመሬቱ የግንባታ መብቱን ሸጦ መሬቱ ለዘለቄታው እርሻ ሆኖ እንዲቀር በሚፈርመው ስምምነት ነው። ለዚህም የፌዴራሉ መንግሥት በአብዛኛው ከመብቱ ዋጋ እስከ ግማሽ ይከፍላል። የሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የራሷ ፕሮግራም አላት፤ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በግዛቷ ሞንትጎመሪ ካውንቲም እ.ኤ.አ. በ1980 የተከለለ 93,000 ኤከር ገደማ የእርሻ ክልል ይገኛል።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ እንዲህ ያለ ስምምነት ያለበትን መሬት ቢፈልግ እመክራለሁ፤ የግንባታ መብቱ ስለወጣለት ዋጋው ዝቅ ይላል፣ የሚያስፈልገው ብድርም ያንሳል። ከላይ የተጠቀሰው መሬት በዚህ ምክንያት 250,000 ዶላር ቢሆን፣ ገዢው ከኪሱ የሚያወጣው 5 በመቶ ወደ 12,500 ዶላር ይወርዳል። መሬቱን መልሶ ሲሸጥም በዚያው ዝቅተኛ ዋጋ መሆኑን ግን ቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።