ዋልብሮ 255 ሱፐርቻርጀር ባላት ሙስታንግ ላይ፦ ከወራት በኋላ

ፓምፑ ዋልብሮ 255 የሚባል የቤንዚን ፓምፕ ነው፤ 255 የሚለው በሰዓት የሚሰጠው ሊትር ነው። መኪናዋ የ1991 ፎርድ ሙስታንግ 5.0 ናት። ሱፐርቻርጀር (ሞተሩ ውስጥ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ተገጥሞላታል፣ ሥራም ገበያም የምሄደው በሷ ነው። ፓምፑ የቨርጂኒያን ብርድም ሙቀትም አይቷል፤ ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። እስከ 400 ፈረስ ጉልበት ድረስ ላላት የመንገድ መኪና ከዚህ የበለጠ ፓምፕ አያስፈልግም። ይህን የምለው ግን ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን ሽቦ አብሮ ለሚቀይር ሰው ነው።

ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ፓምፕ በሰዓት 88 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው። 225 ፈረስ ጉልበት ለነበራት መኪና ይበቃል። ሱፐርቻርጀሩ 8 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አየር ሲገፋባት ግን አይበቃም። አየር ሞልቶ ቤንዚን ሲያጥር ቃጠሎው ከልክ በላይ ይሞቃል። ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ፒስቶን መቅለጥ ነው። ፓምፕ ላይ ገንዘብ መቆጠብ የማልወደው ለዚህ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሱፐርቻርጀር ያለው ሞተር ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 280 ግራም ገደማ ቤንዚን ይበላል። 400 ፈረስ ሲሆን 112 ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.74 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ወደ 150 ሊትር ይመጣል። 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመርበት 180 ነው። ታዲያ ለምን 255? ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር በ40 ፒኤስአይ ግፊት እና በ13.5 ቮልት የተለካ ስለሆነ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ፓምፑ የሚሰጠው ይቀንሳል፤ ቮልቱ ሲወርድማ ጭራሽ። የኔ ሬጉሌተር (የቤንዚኑን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ደግሞ ሱፐርቻርጀሩ በገፋው ልክ የቤንዚኑን ግፊት ከፍ ያደርጋል። 40 የነበረው 8 ተጨምሮበት 48 ይሆናል። ፓምፑ ብዙ እንዲሰጥ የሚጠየቀው ሥራው በከበደበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

የድሮ ሱፐርቻርጀር ኪት ያለበት መኪና የገዛችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ ኪቶች ኢንጀክተር (ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) በመቀየር ፋንታ የቤንዚኑን ግፊት 80 ፒኤስአይና ከዚያ በላይ ያወጡታል። እዚያ ላይ 255 የሚለውን ቁጥር እርሱት። እኔ በሰዓት 42 ፓውንድ ቤንዚን የሚረጩ ኢንጀክተሮች አስገብቼ ኮምፒውተሩን በዚያው ልክ አስተካከልኩ፤ ግፊቱን እንደዚያ ማውጣት አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ሽቦው። ፓምፑ እንደገባ በሦስተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ስረግጣት የቤንዚን ግፊት ጌጁ 48 መድረስ ሲገባው 44 ላይ ይንገዳገድ ነበር። እዚሁ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ከተማ ጋራዥ ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ነገሩን ስነግራቸው፣ "ፓምፑን ተወው ልጄ፣ መጀመሪያ ቮልቱን ለካ" አሉኝ። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን ፓምፑ ሶኬት ላይ አስገባን። ዲናሞው 13.8 ያመነጫል፤ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው 11.6 ብቻ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለው ቀጭን ሽቦ መንገድ ላይ እየበላው ነው።

ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ (ውፍረቱ 10 ጌጅ የሚባለውን) ዘረጋን። 30 አምፔር ፊውዙ ባትሪው አጠገብ፣ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ተነስቶ ትልቁን የሚያበራው ማብሪያ) ኋላ ፓምፑ አጠገብ ሆነ። የኔጌቲቩን ሽቦም ቦዲው ላይ ቀለሙን ፍቀን አጥብቀን አሰርነው። የድሮው ሽቦ ሪሌውን ማስነሳት ብቻ ነው ሥራው። ይህቺን አደራ እንዳትዘሏት፦ መኪናው ሲጋጭ ፓምፑን የሚያጠፋው ማብሪያ ያለው በዚያ ሽቦ ላይ ነው፣ ሥራ ላይ መቆየት አለበት። ከዚያ ስንለካ ፓምፑ ጋ 13.4 ቮልት ደረሰ። ጌጁ 48 ላይ ወጥቶ ቀጥ አለ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ፓምፑ ያው ነው፣ የተቀየረው ሽቦ ነው።

ገጠማው ላይ የምለው ስለ ጎማው ቱቦ ነው። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ካልወረደ ፓምፑ ጋ አይደረስም፣ ስለዚህ አንዴ ሲወርድ ሁሉንም አድርጉ። ሰልባትዮው ውስጥ የሚገባው ቱቦ 30R10 (30አር10) የሚል ጽሑፍ ያለበት መሆን አለበት። ተራ የቤንዚን ቱቦ ከውስጥ እንጂ ከውጭ ቤንዚን ውስጥ ለመዘፍዘፍ አልተሠራም። ከሌላ መኪና የወጣ አንዱን በእጄ ይዤ አይቻለሁ። እንደ ተነከረ ዳቦ አብጦ፣ ፋሸታው (ማሰሪያ ቀለበቱ) ሥር ተሰንጥቋል፤ በጣቴ ስጫነው ጥቁር ቀለሙ ለቀቀኝ። በዚያ ስንጥቅ ግፊቱ ተመልሶ ሰልባትዮው ውስጥ ይፈሳል፣ ሰው ደግሞ ፓምፕ ሞተ ብሎ አዲስ ይገዛል።

በየቀኑ ስነዳት ምን ትመስላለች? ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ትነሳለች። ሚኒሞዋ (ቆማ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሯ የሚዞርበት) አይዋዥቅም። ድምፅ አለ፤ በዚህ መጠን ያሉ ፓምፖች ሁሉ ሲዝ ይላሉ፣ ሬዲዮ ተዘግቶ መብራት ላይ ስትቆሙ ይሰማል። እኔን አይረብሸኝም። ነዳጁን ከሩብ በታች አላወርድም፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የተነከረበት ቤንዚን ነው፣ ኩርባ ላይ ቤንዚኑ ወደ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል።

"ለምን አንዴ በሰዓት 450 ሊትር የሚሰጠውን ፓምፕ አላስገባህም?" የሚሉኝ አሉ። በኔ መኪና ትርፉ ሙቀት ነው። ሞተሩ ያልበላው ቤንዚን በመመለሻው ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፣ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይሞቃል። የፋብሪካው መመለሻ ቱቦ ቀጭን ስለሆነም ሚኒሞ ላይ ግፊቱ አልወርድ ሊል ይችላል። ከ400 ፈረስ ርቆ መሄድ ለሚያስብ፣ ወይም 30 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ነዳጅ የሚጠይቀውን ኢ85 (አብዛኛው ኤታኖል የሆነ ነዳጅ) ለሚቀዳ ሰው ግን ለኢ85 የተሠራው 450 ይሻለዋል፤ ሬጉሌተሩንና መመለሻ ቱቦውን አብሮ ያሳድግ። የትኛውንም ስትገዙ የምታውቁት ሻጭ ጋ ሂዱ፤ የዋልብሮ ስም የተለጠፈበት ፎርጂድ ገበያው ላይ ሞልቷል።