ተሳቢ ለሚጎትት ፒክአፕ የትኛው ጎማ ይሻላል? አራት አማራጮች በጎንደር መንገዶች ሲመዘኑ

ጎማ ለመቀየር ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ጥርሱን ነው። ጥልቅና ሻካራ ጥርስ ያለው ጎማ ጠንካራ ይመስላል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። ፒክአፑ ተሳቢ የሚጎትት ከሆነ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለጎማው ጎን ነው። በጎኑ ላይ የታተመው ቁጥር ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ይናገራል፤ የጎኑ ጥንካሬ ደግሞ ተሳቢው ከኋላ ሲገፋና ሲወዛወዝ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ አለመሄዱን ይወስናል። ጥርስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ተሳቢ በጎማ ላይ የሚያደርሰው ጫና ከሚገመተው በላይ ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን ባለ አንድ አክስል ተሳቢ እንውሰድ። ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው ማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። 10 በመቶው 150 ኪሎ ነው። ነገር ግን ማያያዣው ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ወጣ ያለ ስለሆነ ክብደቱ እንደ መፈንቀያ ይሠራል። ሃይሉክስ በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ያህል ርቀት አለው። ማያያዣው ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ቢርቅ፣ የኋላ ጎማዎች የሚቀበሉት 150 ሳይሆን 210 ኪሎ ገደማ ነው፤ የፊቶቹ ደግሞ 60 ኪሎ ያህል ይቀልላቸዋል። በዚህ ላይ የጭነት ሳጥኑ ውስጥ ያለው እህል፣ ጋቢና ያሉት ሰዎችና በርሜል ነዳጁ ይጨመራሉ።

መንገዳችን ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለ ሙቀት ይገባል። በደባርቅ በኩል የሚሄድ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይጋፈጣል። ወደ ደምቢያ የሚወርድ በክረምት የዋልካ ጭቃ ይጠብቀዋል። ለእነዚህ ሁሉ እኩል የሚሆን ጎማ የለም፤ ብዙ ጊዜ የምትሄዱበትን መንገድ ለይታችሁ ግዙ።

በመጀመሪያ ተራው ጎማ። ብዙ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፖች የሚመጡበት 265/65 አር 17 ሲሆን፣ ከመጠኑ ቀጥሎ በአብዛኛው 112 የሚል ቁጥር አለው። 112 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሲነዱት ለስላሳ ነው፣ አይጮኽም፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ጥሩ ይይዛል፣ ዋጋውም ከጠንካሮቹ ይቀንሳል። ቀለል ያለ ተሳቢ አልፎ አልፎ በባሕር ዳር አስፋልት ለሚጎትት ሰው ሌላ መፈለግ አያስፈልገውም። ድካሙ የሚታየው ጎኑ ላይ ነው፤ ስስ ስለሆነ በጭነት ይተጣጠፋል፣ መታጠፉም ሙቀት ይፈጥራል፤ ሹል ድንጋይም ቶሎ ይቀድደዋል።

ሁለተኛው በመጠኑ መጨረሻ ላይ «ሲ» የሚል ፊደል ያለው የጭነት ጎማ ነው። ባለ አንድ ጋቢና ሃይሉክስ ላይ በብዛት የሚታየው 205 አር 16 ሲ፣ ባለ 8 ፕላይ (ፕላይ የጎማው የጥንካሬ ደረጃ ነው)፣ 110/108 የዚህ ወገን ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ለብቻው ሲሠራ፣ ሁለተኛው በአንድ ጎን ሁለት ሆኖ ሲታሰር የሚሸከመው ነው፤ ስለዚህ ለፒክአፕ የሚመለከተን 110፣ ማለትም 1,060 ኪሎ ነው። ከ112 ያነሰ መሆኑ አያሳስታችሁ። ይህ ጎማ እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ድረስ እንዲነፋ የተሠራ ሲሆን፣ ተራው ጎማ የተጻፈለትን ክብደት የሚሸከመው በ36 አካባቢ ነው። ጠንካራው ጎንና ከፍተኛው ንፋስ ተደምረው ተሳቢውን አደብ ያስይዙታል። ባዶውን ሲሄድ ያንገጫግጫል፣ ይህ እውነት ነው። ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ላላቸውና ሥራቸው አስፋልትና ደህና ጠጠር መንገድ ለሆነ፣ ከሚወጣው ገንዘብ አንጻር ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ሦስተኛው ቸርኬው 17 ለሆነና ከባድ ለሚጎትት ሰው የምመክረው ነው፤ ከመጠኑ በፊት «ኤልቲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ጥርሱ «ኤ/ቲ» የሚባለው ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን ጎማ። በ265/65 አር 17 መጠን ባለ 10 ፕላዩ 120/117 ይላል፤ 120 ማለት 1,400 ኪሎ ነው። ጎኑ ወፍራም ስለሆነ የጠጠር መንገድ ስለት በቀላሉ አያገኘውም። በሊማሊሞ መጠምዘዣዎች ተሳቢው ሲገፋ የመኪናው የኋላ ክፍል እንደ ተራው ጎማ አይዋልልም። በምትኩ ክብደቱ ይጨምራል፣ ነዳጅ ትንሽ ጨምሮ ይበላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። 1,400 ኪሎው የሚሠራው ጎማው በ80 ፒ.ኤስ.አይ ሲነፋ ነው። በሹፌሩ በር ላይ የተለጠፈው የንፋስ ቁጥር መኪናው ከፋብሪካ ለመጣበት ተራ ጎማ የተሰላ ስለሆነ፣ ኤልቲ ጎማ ገዝቶ በ30 ወይም በ35 ማስነፋት አቅሙን ከተራው ጎማ በታች ያወርደዋል። ከፍለው የገዙትን ጥንካሬ ጎሚስታው በር ላይ ጥሎ እንደ መሄድ ነው። ተሳቢ ሲታሰር ለኋላ ጎማዎች 50 ገደማ ተገቢ መነሻ ነው፤ ጭነቱ ሲከብድ ይጨመራል፣ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ጣሪያና ቸርኬው ከሚችለው ግን አይታለፍም። ባዶ ሲመለሱ ይቀነሳል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። መተማ ደርሳችሁ ብትለኩት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሙቀት በጨመረ ቁጥር 1 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይጨምራልና። ያን ጊዜ ማስተንፈስ ትልቅ ስሕተት ነው። የጭነት ጎማን በሙቀት የሚያፈነዳው ብዙ ጊዜ የንፋስ ማነስ ነው።

አራተኛው ባለ ትልልቅ ጥርሱ የጭቃ ጎማ፣ «ኤም/ቲ» የሚባለው ነው። በደምቢያ ዋልካ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴን ለሚሠራ ሰው ዋጋ አለው፤ ጥርሶቹ ተራርቀው ስለተሠሩ ጭቃውን ይተፋሉ። በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን ከመንገዱ ጋር የሚነካካው ላስቲክ ትንሽ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ርቆ ነው የሚቆመው፤ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከኋላ ሲገፋ ደግሞ ርቀቱ ይብሳል። ይጮኻል፣ በአስፋልት ቶሎ ያልቃል። ለመልኩ ብቻ የሚገዛውን ሰው ከልብ እንዲተወው እለምነዋለሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ የተመረተበትን ቀን ሳታዩ አትክፈሉ። በጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ያሳያሉ፤ የፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 3018 የሚለውን ያየ ሰው «የ2018 ነው፣ አዲስ ነው» ሊል ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ግን ያ ጎማ የተመረተው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። ጥርሱ ሳይነካ፣ ወረቀቱ ሳይላጥ ላስቲኩ ያረጃል፤ በተለይ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ከሆነ። ያገለገለ ጎማን በተመለከተ ረጅም ነገር የለኝም፦ ለሚጎትት መኪና አይገዛም።

የተሳቢው የራሱ ጎማም አለ። ከፒክአፑ የወለቀውን ያረጀ ጎማ ለተሳቢው ማድረግ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ተሳቢው በሁለት ጎማ ብቻ ከ1,300 ኪሎ በላይ ተሸክሞ፣ ለረጅም ጊዜ ቆሞ፣ ድንገት ረጅም መንገድ የሚሄድ ነው። አሮጌ ላስቲክ የሚሰነጠቀው እንዲህ ሲሆን ነው። እዚያም «ሲ» ጎማ ይታሰር።

አራቱንም በአንድ ጊዜ መግዛት ካልተቻለ አዲሶቹ ሁለት ከኋላ ይግቡ፤ በአንድ አክስል ላይ አንዱን ተራ ሌላውን ኤልቲ ማድረግ ግን አይቻልም። ስኮርታውም ከኋላዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ በአይከልና በመተማ መካከል የኋላ ጎማ ቢፈነዳ፣ ተሳቢውን ይዞ መንገዱን የሚጨርሰው እሱ ነውና።