«ሌባ ይይዝልሃል» የተባለው ማይክሮስኮፕ

ለሳይንስ ክበባችን ማይክሮስኮፕ የገዛሁት እዚሁ ድሬዳዋ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ሳጥኑ ላይ «የፎረንሲክ ላብራቶሪ» (የወንጀል መመርመሪያ ማለት ነው) ይላል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ «1200 ጊዜ ያጎላል»። ሻጩ ጨመረበት፦ «አቦ፣ ይሄ ሌባ ይይዝልሃል!»

1200ውን እርሱት። ባለ 40ውን ሌንስ ከባለ 10 የዓይን ሌንሱ ጋር ስታደርጉት 400 ይመጣል፤ እስከዚያ ድረስ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይታይበትም። ለፀጉር 400 ይበቃል። እኔ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ 100 ላይ ነኝ።

ፀጉሩን በደረቁ አታስቀምጡት። ከፋርማሲ የተገዛ ግሊሰሪን ጠብ አድርጉበትና በስስ መሸፈኛ ብርጭቆ ክደኑት። ያኔ ብርሃኑ ውስጡን ስለሚያልፍ ሜዱላ የሚባለው የመሃል መስመር ይወጣል። በሰው ፀጉር ከወርዱ ሲሶ አይሞላም፤ ይቆራረጣል፣ ጭራሹኑ የሌለበትም አለ። የድመት ፀጉር ላይ ግን ከግማሽ በላይ ይይዛል፤ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ ነው የሚታየው። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሲደርሱ ይጋፋሉ።

የላይኛውን ቅርፊት ለማየት ደግሞ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ስላይድ ላይ (ናሙናው የሚቀመጥበት ብርጭቆ ላይ) ቀቡ፣ ፀጉሩን አስተኙበት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አንሱት። አሻራው ይቀራል። በድሬ ሙቀት ፈጠን ማለት ነው።

ለክርም ግሩም ነው። ጥጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ቦታ ቦታ ላይ ይጠማዘዛል። ፖሊስተር ለስላሳ ነው፤ ወርዱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። አንዷ ተማሪ የእናቷን ነጠላ ክር ይዛ መጣች። «ንጹሕ ጥጥ» ተብሎ የተሸጠላቸው ነው። ድሩ ፖሊስተር ሆኖ ተገኘ። «ቲቸር፣ ለእማዬ ማን ይንገራት?» አለችኝ።

ያናደደኝ መመሪያው ነው። ሁለት ፀጉር ከተመሳሰለ «ወንጀለኛው ተገኘ» ይላል። ውሸት! እውነተኛ ላብራቶሪ ሁለት ማይክሮስኮፕ በድልድይ አገናኝቶ ሁለቱን ፀጉር ጎን ለጎን ነው የሚያየው። ያም ሆኖ ቢበዛ «ይመሳሰላል» ነው የሚባለው፤ «የእገሌ ነው» ለማለት ዲኤንኤ ይጠይቃል። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በ2015 የድሮ መዝገቦቹን ሲያገላብጥ፣ ከመረመራቸው የችሎት ቃለ ጉባኤዎች ቢያንስ 90 በመቶው ውስጥ የፀጉር መርማሪዎቹ ስህተት ያለበት ምስክርነት ሰጥተው አገኘ። እነሱ እንዲህ ከሆኑ የኛ የባትሪ ማይክሮስኮፕ ማንን ይከሳል? ይህን የመመሪያውን ገጽ ቀድጄ ጥያለሁ፤ ለልጆች አይሰጥም።

ሌላው ጉድለቱ ቀላል ነው። መብራቱ ባትሪ ይበላል። አቧራ ስለማይወድ ማታ ፌስታል አለብሰዋለሁ። የማስተካከያው እጀታ ግን ላላ ያለ ነው፤ ስትለቁት ምስሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ከራሳችሁ አንድ ፀጉር ነቅላችሁ ሞክሩት። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።