«5.1» የሚል ካርቶን አይታችሁ ብር እንዳታወጡ

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ ሰሞኑን ሆም ቴአትር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህቺን አንብቡልኝ።

አባቴ የተወልኝ ሁለት ባለ 8 ኦም (ኦም የስፒከር የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) የእንጨት ስፒከሮች አሉኝ። አምፕሊፋየራቸው ተቃጠለና እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ገባሁ። የፈለግኩት ተራ ስቴሪዮ ነበር። ግራና ቀኝ፣ በቃ። ሻጩ ግን «ወንድሜ፣ ስቴሪዮኮ ጊዜው አልፏል፣ በዚህ ዋጋ ሰራውንድ እያለልህ!» ብሎ ካርቶን አወረደልኝ። ሰራውንድ ማለት ከፊትም ከኋላም ባሉ ስፒከሮች ድምፁ የሚከብባችሁ ነው። በትልቁ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ የቤዝ ሰብዉፈር) ይላል፣ ከስሩ 1000 ዋት። 38 ሺህ ብር ከፍዬ በባጃጅ ጭኜ ወደ ቤት።

ቴሌቪዥኑን ስከፍት የኋላዎቹ ስፒከሮች ዝም። ከፍላሽ ሙዚቃ ሳስገባም ዝም። ሪሞቱ ላይ «ሰራውንድ» የሚለውን ስጫን አምስቱም ጮሁ፣ ግን የዘፋኙ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ የገባ መሰለ፣ ክራሩም ከየት እንደሚመጣ አይለይም።

አዙሬ ጀርባውን አየሁት። የቴሌቪዥን ድምፅ የሚገባበት ቀዳዳ ሁለት ብቻ ነው፣ ቀይና ነጭ። የሰራውንድ ድምፅ በዲጂታል የሚያስገቡት ኦፕቲካልና ኤችዲኤምአይ የሚባሉት ቀዳዳዎች የሉትም። ያኔ ገባኝ። በቀይና ነጭ ገመድ የሚገባው የግራና የቀኝ ድምፅ ነው። እውነተኛ 5.1 ግን ስድስት የተለያየ ድምፅ ነው፦ ከፊት ሦስት፣ ከጎንና ከኋላ ሁለት፣ ነጥብ አንዱ ደግሞ የቤዙ። የኔው ዕቃ ሁለቱን ድምፅ ለአምስት ስፒከር እያባዛ ነው የሚያድለው።

ከገመዱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 75 ዋት ትላለች። ከግድግዳ 75 ዋት የሚስብ ነገር 1000 ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? ሂርማታ ያለ ቴክኒሻን ሲከፍተው ትራንስፎርመሩ ከጡጫ አይበልጥም። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚሉት፣ ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባል የተጋነነ ቁጥር ነው፣ ምንም አይነግራችሁም። ቁም ነገሩ አርኤምኤስ ነው፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቻናል (የድምፅ መስመር) ያለማቋረጥ የሚወጣው ዋት። ስትገዙ «አርኤምኤሱ ስንት ነው? ለአንድ ቻናል፣ በስንት ኦም?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ መመለስ ካቃተው ውጡ።

የአባቴን ስፒከሮች ልሰካበት ብልም አልሆነም። መሰኪያው ከራሱ ስፒከሮች ሌላ አይቀበልም። ይህንን ሱቅ ውስጥ እያለሁ ማየት ነበረብኝ።

ሰራውንድ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ድምፁ በ5.1 የተሠራ ፊልም የምታዩ ከሆነ፣ ሪሲቨሩም (የዲሹን ሳይሆን ድምፁን ተቀብሎ ለስፒከሮቹ የሚያድለውን አምፕሊፋየር ማለቴ ነው) ኤችዲኤምአይና የ5.1 ድምፁን ፈትቶ የሚለያይ ዲኮደር ካለው፣ ከሶፋው ኋላም ቦታ ካላችሁ ደስ ይላል። የብዙዎቻችን ሳሎን ግን ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ነው ያለው። የኋላዎቹን የት ልናደርጋቸው ነው? የምናዳምጠውም ሙዚቃ፣ የምናየውም የሀገር ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያ በአብዛኛው በሁለት የድምፅ ቻናል፣ በግራና በቀኝ፣ የተሠራ ነው። ለዚህ ሁለት ጥሩ ስፒከርና አንድ ንጹህ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ይበልጣል። ያው 38 ሺህ ለሁለት ስፒከር ሲካፈልና ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብዉፈር ሲካፈል አንድ አይደለም።

ልመልስ ስሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሉኝ። ደረሰኙን አወጣሁ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው «ቴፕ» ብቻ ነው። ሞዴል የለ፣ ዋት የለ፣ 5.1 የሚል የለ። ምን ብዬ ልከራከር? እናንተ ሞዴሉንና ሻጩ የነገራችሁን ዋት ሳታስጽፉ፣ የራሳችሁን ፍላሽና ዘፈን ይዛችሁ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሳታስሞክሩ እንዳትከፍሉ።

አሁንም ስቴሪዮ አምፕሊፋየር እየፈለግኩ ነው። ለ8 ኦም በቻናል 40 ዋት አርኤምኤስ ያለው ይበቃኛል፣ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለኝም። ጅማ ውስጥ ከፍቶና አስሞክሮ የሚሸጥ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።